ዓሣ የማይጠመድበት በጋ፦ የአላስካ ኤፒስኮፓል ሀገረ ስብከት ጉዳይ

ሰኔ ሲጋመስ የአሜሪካ ግዛት በሆነችው በአላስካ፣ በዩኮን ወንዝ ዳር ያሉ መንደሮች ባዷቸውን ይቀሩ ነበር። በሩ ይቆለፋል። ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ የዱቄቱ ከረጢት፣ ውሻው ሳይቀር ጀልባ ላይ ይወጣል። ልጆች ብርድ ልብሳቸውን አቅፈው ይከተላሉ። አያትየዋ ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ለማንም ሳያስይዙ፣ ራሳቸው ይይዛሉ። ቄሱም ይሄዳሉ። ምእመኑ ሁሉ ሄዶ መንደር ቀርተው ለማን ሊቀድሱ ነው? ደግሞ እኮ ቄሱ ራሳቸውም ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

የሚሄዱበት ቦታ በእነሱ አጠራር የዓሣ ሰፈር ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የራሱ ቦታ አለው። ሳልሞን ዓሣ ከባሕር ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ ቤተሰቡ እዚያ ሰፍሮ ይጠብቀዋል፣ ያጠምደዋል፣ ይዘለዝለዋል፣ በጭስ ያደርቀዋል። የክረምቱ (ክረምት እዚያ የበረዶው ወራት ነው) ስንቅ የሚያዘው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። ኩርፊያ የሚፈታውም፣ ልጅ የአያቱን ቋንቋ ሲነገር የሚሰማውም፣ ማታ እሳት ዳር መዝሙር የሚዘመረውም እዚያው ነው።

አሁን ይሄ ነገር ቆሟል። ከ2020 ጀምሮ ሳልሞኑ ክፉኛ አነሰ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ለቤት ፍጆታ ማጥመድ እንኳ በአብዛኛው ተከለከለ። (ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ ሰኔን ካላልኩ በቀር።) ይህ ጽሑፍ አንድ ሀገረ ስብከት፣ ዓመቱን በሙሉ በወንዝና በእንስሳት የሚቆጥር ሀገረ ስብከት፣ ከወቅቶቹ አንዱ ሲወሰድበት ምን እንደሚሆን ለማየት የተጻፈ ነው። ነገሩን ስከታተለው ከርሜያለሁ። ስለ ዓሣ ኮታ የሚጻፈው ብዙ ነው። ስለ አጥቢያው ሕይወት የሚጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄኛው ነው።

መቼም ስፋቱን ሳያዩ ይህን ሀገረ ስብከት መረዳት አይቻልም። አላስካ ወደ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ኢትዮጵያን አንድ ተኩል ጊዜ ያህላል ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ወደ 730,000 ብቻ ነው። ያን ሁሉ ምድር የምትሸፍነው አንዲት ሀገረ ስብከት ነች፣ አንድ ጳጳስ ነው ያላት። ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ያለችው የአንግሊካን ቤተሰብ አባል ነች። የሀገረ ስብከቷ ጽሕፈት ቤት ፌርባንክስ ከተማ ነው። አጥቢያዎቹ ከ40 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ጋ የመኪና መንገድ አይደርስም። በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በበረዶ ሞተር፣ አለዚያም በትንንሽ አውሮፕላን ነው የሚገባው። አንኮሬጅና ጁኖ ያሉት አጥቢያዎች እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ስለ እነሱ ብዙ አልልም። የአገሩ ልዩ መልክ ያለው መሀል አገር አታባስካን በሚባሉት ነባር ሕዝቦች መንደሮች፣ ሰሜን ዳርቻው ላይ ደግሞ በኢኑፒያቶች መንደሮች ነው።

እምነቱ ወደ መሀል አገር የገባው ከካናዳ በኩል ነው። ሮበርት ማክዶናልድ የሚባሉ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ በ1862 ፎርት ዩኮን ደረሱ። አላስካ ያኔ የሩሲያ ነበረች። አሜሪካ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የገዛቻት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ማክዶናልድ ከአታባስካኖቹ አንዱ የሆነውን የግዊችን ሕዝብ ቋንቋ ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ተረጎሙ፣ በ1898ም ታተመ። ከወደ ምዕራብ ደግሞ ጆን ቻፕማን በ1887 አንቪክ ገብተው 43 ዓመት እዚያው ኖሩ። የመጀመሪያው ጳጳስ ፒተር ትሪምብል ሮው ከ1895 እስከ 1942 ድረስ፣ 47 ዓመት ያህል በመንበራቸው ቆዩ። እዚህ አገር የቆየ ሰው ይቆያል።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገን ሰው ግን ሀድሰን ስታክ ነው። በ1904 የዩኮን ሊቀ ዲያቆን ሆኖ መጣ። በክረምት በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች፣ በበጋ ፔሊካን በምትባል ጀልባ አጥቢያዎቹን ሲዞር ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ዓለም የሚያውቀው በተራራ ነው። በጁን 1913 ዴናሊ የሚባለውን የሰሜን አሜሪካ ትልቁን ተራራ ከነጓደኞቹ ጫፉ ድረስ ወጣ። መጀመሪያ ጫፉን የረገጠው ግን የአታባስካን ልጅ የሆነው ወጣቱ ዋልተር ሃርፐር ነበር። ስታክን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም የዓሣው ነገር ያኔም አንገብጋቢ ነበር።

አንድ ሌላ ሰው ልጨምር። ዊልያም ጎርደን በ1948 በ30 ዓመታቸው ጳጳስ ሆኑ፣ አውሮፕላን መንዳትም ቻሉ። አውሮፕላናቸው ሰማያዊ ሣጥን ተብላ ነበር የምትጠራው። ስሙ ከየት መጣ? የቤተ ክርስቲያኒቱ ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን ያስቀምጣሉ፣ ስለ አንድ ነገር እግዚአብሔርን ባመሰገኑ ቁጥር ሳንቲም ይጥሉበታል፣ አውሮፕላኗ የተገዛችው ከዚያ ከተጠራቀመው ነው። ጎርደን በዚህች አውሮፕላን ከመንደር መንደር ሲዞሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ከውጭ የሚመጣ ቄስ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሽማግሌዎቹ ግን እዚያው ናቸው። ስለዚህ ከመንደሩ ሰው መካከል መሾም ያዙ። በ1962 ዴቪድ ሳልሞን የተባሉ የግዊችን አዳኝና አጥማጅ ቅስና ተቀበሉ፣ ከአታባስካን ሕዝብ የመጀመሪያው ናቸው። የአባት ስማቸው ሳልሞን መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይላል። በ1983 ደግሞ የሚንቶ መንደሯ አና ፍራንክ ተቀሰሱ፣ በኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ። ከዚህ በኋላ ቄስ ማለት ደሞዝ የሌለው፣ በሳምንቱ ቀናት መረብ የሚጥል፣ እሑድ ልብሰ ተክህኖ የሚለብስ ጎረቤት ማለት ሆነ።

ይህን ታሪክ ሳወራ የሚያም ጎኑንም መዝለል አልፈልግም። ሚሲዮኑ አንቪክና ኔናና ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረው። ልጆች ከወላጅ ተለይተው ነው የሚያድጉት። ከወላጅ የተለየ ልጅ የዓሣ ሰፈርን አያይም፣ ቋንቋውንም አይሰማም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ይህን የአዳሪ ትምህርት ቤት ታሪክ እንዲመረመር በ2023 ሁለት ሚሊዮን ዶላር መድባለች። ዘግይቷል፣ ግን ተጀምሯል።

ዓመቱ እንዴት ይዞራል?

ዓመቱ የሚጀምረው በረዶው ሲሰበር ነው። ክረምቱን ሙሉ መንገድ ሆኖ የከረመው ወንዝ አንድ ቀን ይንቀሳቀሳል፣ ይጮሃል፣ ቤት የሚያህል የበረዶ ቁራጭ እየተጋጨ ይወርዳል። ኔናና ላይ ይህ ቀን ውርርድ አለው። በ1917 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች 800 ዶላር አዋጥተው በረዶው የሚሰበርበትን ሰዓት መገመት ጀመሩ። እስካሁንም በየዓመቱ ይቀጥላል፣ በረዶው ላይ የእንጨት ምሰሶ ይተከላል፣ ምሰሶው ሲንቀሳቀስ ሰዓቱ ይቆማል። የጨዋታ መዝገብ ይመስላል፣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ የተያዘ የአየር ጠባይ መዝገብ ሆኗል። በ1964 በረዶው እስከ ሜይ 20 ቆይቷል። ከሁሉ ቀድሞ የተሰበረባቸው ዓመታት 1940 እና 1998 ነበሩ፣ ሁለቱም ኤፕሪል 20። በ2019 ኤፕሪል 14 ላይ ሄደ። ያንን ቁጥር ያዙልኝ።

ጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ እርሻና ስለ ሰብል የሚጸለይባቸው የልመና ቀናት አሉ፣ ከዕርገት በፊት ባሉት ቀናት ይውላሉ። በእንግሊዝ ገጠር ካህኑ ማሳውን እየዞሩ ይባርኩ ነበር። ዩኮን ዳር ማሳ የለም። ማሳው ወንዙ ነው።

ከዚያ በጋው ይገባል፣ እውነተኛው በጋ፣ ፀሐይ የማትጠልቅበት። ፎርት ዩኮን ከአርክቲክ ክበብ በላይ ሆና በጁን 1915 ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቃለች፣ እስከ ዛሬ የአላስካ ክብረ ወሰን ነው። ሳልሞኑ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኪንግ የሚባለው ትልቁ ሳልሞን ይቀድማል፣ ቸም የሚባለው ይከተላል። የዓሣ መንኮራኩር የሚባል መሣሪያ አለ፣ ሁለት ሰፋፊ ቅርጫት ያለው፣ በግንድ ታንኳ ላይ የተተከለ። ሞተር የለውም። የወንዙ ውኃ ራሱ ያዞረዋል፣ ቅርጫቱ እየጠለቀ ዓሣውን ያፍሳል፣ ወደ ሣጥን ያንሸራትታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲንቋቋ ያድራል፣ ልጆች በዚያ ድምፅ ነው የሚተኙት።

አሁን የዓሣ ጠረጴዛውን በቅርብ እንየው። ሴትየዋ የኪንጉን ጭንቅላት ይቆርጣሉ። ሆዱን ይሰነጥቃሉ። ቢላዋውን ከአከርካሪው ጎን አስገብተው እስከ ጅራት ይወርዳሉ፣ አጥንቱ ይወጣል፣ ሁለቱ ጎኖች ጅራታቸው ላይ እንደተያያዙ ይቀራሉ፣ አጣና ላይ የሚሰቀለው በዚያ ነው። ከዚያ ከባዱ ይመጣል። ሥጋውን በአግድም፣ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ እስከ ቆዳው ድረስ ይተለትላሉ፣ ቆዳውን ግን ሳይነኩ። ካነሱት መሀሉ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ቢላዋው ካለፈ ቆዳው ይቀደዳል፣ ዓሣው መሬት ይወድቃል። ቋንጣ ያዘጋጀ ሰው ይህ ምን ያህል እጅ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከታች የሚጤሰው እሳት ዝንብ ያባርራል፣ ቀስ እያለ ያደርቃል። ሦስት ቀን በተከታታይ ከዘነበ ሁሉም ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ልጅቷ መጀመሪያ ውኃ ታቀብላለች፣ ቀጥሎ ታጥባለች፣ ቀጥሎ አንጀት ታወጣለች፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ትንሽ ዓሣና ቢላዋ ይሰጣታል። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራትም። አይታ ነው የምትይዘው።

ሴፕቴምበር የሙስ ወር ነው። ሙስ ግዙፍ የአጋዘን ዘር ነው፣ አንዱ ከተገደለ ሥጋው ለመንደሩ ይከፋፈላል። ሰሜን ላይ ለሚኖሩት ግዊችኖች ዋናው ካሪቡ የሚባለው ሌላው የአጋዘን ዘር ነው። የካሪቡ መንጋ የሚወልድበትን የባሕር ዳር ሜዳ በቋንቋቸው "ሕይወት የሚጀምርበት ቅዱስ ስፍራ" ይሉታል። በ1988 አርክቲክ ቪሌጅ ላይ ከአላስካም ከካናዳም ተሰብስበው እዚያ ነዳጅ እንዳይቆፈር አብረው ለመታገል ተማማሉ፣ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያንም ከጎናቸው ቆማለች። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ፌርባንክስ ውስጥ የአታባስካኖች የፊድል በዓል አለ፣ ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ። ቫዮሊኑን ያስተማሯቸው ፀጉራም የእንስሳት ቆዳ የሚነግዱ የጥንት ነጋዴዎች ናቸው፣ አሁን ግን ሙሉ በሙሉ የራሳቸው ሆኗል። ከገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ሳምንት የድግስና የጭፈራ ነው። እሱን በዚሁ ልለፈው።

ልለፈው የማልችለው ቀብሩን ነው። ጃንዋሪ ላይ ሰው ሲሞት ምድሩ ድንጋይ ነው። ወንዶቹ መቃብር ቦታው ላይ እሳት ያነዳሉ፣ የቀለጠውን ይቆፍራሉ፣ እንደገና ያነዳሉ፣ እንደገና ይቆፍራሉ። ሌሎቹ ሣጥኑን ይሠራሉ። ሴቶቹ ያበስላሉ። እድር ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አንፈልግም። ቀብሩን ቄሱ በጸሎት መጽሐፉ ይፈጽማሉ፣ ከዚያ ፖትላች የሚባለው የማዕድ ሥርዓት ይከተላል። ከዓመት ወይም ከዓመታት በኋላ ደግሞ ትልቁ የመታሰቢያ ፖትላች ይመጣል፣ ተዝካር ብዬ ብጠራው ከእውነቱ አልርቅም። የሟች ቤተሰብ ለዓመታት ሲያጠራቅም የቆየውን ብርድ ልብስ፣ ጠመንጃ፣ በዶቃ የተጠለፈ ጓንት አውጥቶ መቃብር ለቆፈሩት፣ ሣጥን ለሠሩት፣ ምግብ ላበሰሉት ይሰጣል። ማዕዱ ላይ የሙስ ሥጋ እና ዓሣ መኖር አለበት። ከሱቅ የተገዛ ሥጋ ሟቹን አይሸኝም ነው የሚሉት።

ይህ ነገር ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። በ1975 ከሚንቶ መንደር የሆነ ሰው ለቀብር ፖትላች ተብሎ ወቅቱ ባልሆነ ጊዜ የተገደለ ሙስ በማጓጓዙ ተከሰሰ። የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ነጻ ለቀቀው። ለቀብር ፖትላች የሚታረድ ሙስ የሃይማኖት ሥርዓት አካል ስለሆነ በሕገ መንግሥቱ ይጠበቃል አለ። እኔ ይህን ፍርድ ደጋግሜ አስባለሁ፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

ሰሜን ዳርቻው ላይ ያለው ፖይንት ሆፕ የራሱ ዓለም ነው። ሐኪሙ ጆን ድሪግስ በ1890 እዚያ ገቡ፣ የቅዱስ ቶማስ ሚሲዮን የተባለውም በዚያ ተጀመረ። በጸደይ ጀልባዎች በበረዶው መካከል በሚከፈተው ውኃ ላይ ዓሣ ነባሪ ይጠብቃሉ። የተሳካላቸው ካፒቴኖች ጁን ላይ ሦስት ቀን የሚቆይ ድግስ ይደግሳሉ፣ ሥጋው ለሁሉም ይከፋፈላል። የመቃብር ቦታው አጥር ራሱ ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተሠራ ነው። እዚያ ወቅቱ እስካሁን ይዞራል። መሀል አገር ነው የተሰበረው።

ዓሣው ሲቀር

አሁን ወደ ጉዳዩ። ጁላይ 2019 አላስካ ውስጥ ሙቀቱ ከልክ አለፈ። ኮዩኩክ በሚባለው የዩኮን ገባር ወንዝ ላይ ቸም ሳልሞኖች ሞተው ሲንሳፈፉ ተገኙ። ሆዳቸው ሲከፈት እንቁላሉ ሙሉ ነው። ሳይወልዱ ነው የሞቱት። በረዶው ኤፕሪል 14 የሄደበት ዓመት መሆኑን አስታውሱ። ኮዩኩክ ላይ አላካኬት የምትባል መንደር አለች፣ ስታክ በ1907 ሚሲዮን የተከለባት፣ ከወንዙ በአንዱ ወገን ኢኑፒያቶች፣ በሌላው ወገን አታባስካኖች እየኖሩ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱባት። የሞተውን ዓሣ መጀመሪያ ያዩት እንደ እነሱ ያሉ የወንዙ ዳር ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ሆነ። የበጋው ቸም ቀድሞ በሚሊዮን ነበር የሚቆጠረው፣ በ2021 ወደ 150,000 ብቻ ገባ። ወደ ካናዳ ድንበር የደረሰው ኪንግ በ2022 ወደ 12,000 ወረደ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንደዚያ ያነሰበት ዓመት አልተመዘገበም። ኤፕሪል 2024 ላይ የአላስካና የካናዳ መንግሥታት ተስማምተው የዩኮን ኪንግ ሳልሞን ለሰባት ዓመት እንዳይጠመድ ወሰኑ። ሰባት ዓመት የአንድ የኪንግ ትውልድ ዕድሜ ነው። ግቡ ድንበሩ ላይ በዓመት 71,000 ዓሣ ማድረስ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድ አይደለም። ባሕሩ ሞቋል፣ ወንዙ ሞቋል፣ ኪንጉን የሚያጠቃ ጥገኛ ተውሳክ ተስፋፍቷል። ፓስፊክ ውስጥ በሰው እጅ ተራብተው የሚለቀቁ ዓሦችም ምግቡን ይሻማሉ። ከዚያ ደግሞ ሰዉን በጣም የሚያቆስለው አለ። ቤሪንግ ባሕር ላይ ፖሎክ የሚባል ዓሣ የሚጠርጉ ትልልቅ መርከቦች ሳልሞንም አብሮ ይገባላቸዋል። በ2021 ከ500,000 በላይ ቸም በዚህ መንገድ ተያዘ። አብዛኛው በእስያ ተራብቶ የተለቀቀ እንጂ የአላስካ ወንዞች እንዳልሆነ በዘር ምርመራ ታውቋል፣ ይህም መነገር አለበት። ግን አንዲት አያት ለልጅ ልጃቸው አንድ ዓሣ እንዳያወጡ ተከልክለው መርከቡ ሲሠራ ሲያዩ፣ የዘር ምርመራው አያጽናናቸውም። እኔንም አያጽናናኝም።

መንደሮቹ በረሃብ አልተጣሉም፣ ይህን ማለት አለብኝ። በ2021 በደቡብ ምዕራብ አላስካ ካለው ብሪስቶል ቤይ የተጠመደ ሳልሞን በአውሮፕላን ተጭኖ ተከፋፍሏል። ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ነጭ ዓሣና ፓይክ ማጥመድ ይፈቀዳል። ሙስም አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ዓሣ ግን የዓሣ ሰፈር አይሆንም። ሰው ለአንድ ካርቶን ዓሣ ብሎ ድንኳን አይተክልም። መንኮራኩሩ ደረቅ ላይ ተቀምጧል፣ የማጨሻው ቤት አጣና ባዶ ነው፣ ቤተሰቡም በበጋው መንደር ውስጥ፣ እያንዳንዱ በየቤቱ፣ ተበትኖ ይውላል። ከከተማ ይመጡ የነበሩ የአክስትና የአጎት ልጆች የሚመጡበት ምክንያት አጡ። ቤንዚኑም ውድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሀገረ ስብከቱን የሚመለከተው። በወረቀት ላይ አንድም አጥቢያ አልተዘጋም። እሑድ ደወሉ ይደወላል፣ ቁርባን ይቆረባል። ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሚሞላ ዓምድ የለም፣ "በዚህ በጋ ስንት ቤተሰብ አብሮ ሰፈረ" ብሎ የሚጠይቅ። በእኔ እምነት ግን የመሀል አገር አላስካ ትልቁ አጥቢያ ሁልጊዜም የዓሣ ሰፈሩ ነበር። ትምህርተ ሃይማኖቱም፣ ዜማውም፣ ሽማግሌውን ማክበሩም፣ ለመበለት ድርሻ መለየቱም የሚኖረው እዚያ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ቢቃጠል ሀገረ ስብከቱ በነጋታው ገንዘብ ያሰባስባል። ይህ ሲጠፋ ግን የጠፋው የመንግሥት የዓሣ መሥሪያ ቤት ጉዳይ መስሎ ታየ።

ለዚህ ነው ወደ ስታክ የምመለሰው። በ1918 በዩኮን ወንዝ አፍ ላይ የሳልሞን ማሸጊያ ፋብሪካ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ሽቅብ የሚመጣው ዓሣ ክፉኛ አነሰ፣ ሰውም ውሻም ተቸገረ። ውሻ ከሌለ ክረምት ላይ መንቀሳቀስ የለም። ስታክ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጤናው የተጎዳ ሰው ነበር። ጻፈ፣ ተሟገተ፣ ጉዳዩን ዋሽንግተን ድረስ አደረሰ። ስለ ዓሣ መከራከር የሊቀ ዲያቆን ሥራ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። በ1920 ፎርት ዩኮን ላይ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ማሸጊያው በ1920ዎቹ አጋማሽ ቆመ። በሕይወት ኖሮ አላየውም።

በ1915 ፌርባንክስ ውስጥ በታናና ወንዝ ዙሪያ ያሉ የአታባስካን አለቆች ከአላስካ የኮንግረስ ተወካይ ከጄምስ ዊከርሻም ጋር ስለ መሬታቸው ሲነጋገሩም የተሰበሰቡት ከቤተ ክርስቲያኒቱ የንባብ ክፍል በተነሳ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፣ ጋይ ማዳራ የተባሉት የኤፒስኮፓል ካህንም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ይህች ሀገረ ስብከት እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ታሪክ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠየቀው ነገር አይደለም።

ምን ተደረገ? በሴፕቴምበር 2017፣ ዓሣው ገና ሳይጠፋ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳሳት ከመላው አገሪቱ ፌርባንክስ ላይ ተሰብስበው በቡድን በቡድን ወደ መንደሮቹ ገቡ፣ ምድሩንና ወንዞቹን ባረኩ። ጥሩ ነበር። ብዙዎቹ እንደዚያ ያለ መንደር ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። በየመንደሩ ደግሞ የባህል ካምፕ እየተባለ ልጆችና ሽማግሌዎች ወንዝ ዳር የሚሰፍሩበት ዝግጅት አለ። አንዳንዱ ጋ ከሌላ ወንዝ የመጣ ዓሣ ቀርቦ ልጆቹ መዘልዘል ይለማመዳሉ።

እኔ ብጠየቅ ሁለት ነገር እላለሁ። መጀመሪያ፣ ጳጳሱ የበጋ ጉብኝታቸውን ጁላይ ላይ፣ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በባዶው የዓሣ ሰፈር ላይ ያድርጉት። ለጀልባው ቤንዚን ሀገረ ስብከቱ ይክፈል፣ ቤተሰቡ ይሰብሰብ፣ ነጭ ዓሣም ቢሆን ይጠመድ፣ ጸሎቱ እዚያ ይሁን። ሁለተኛው የሚንቶ ፍርድ ነው። ፍርድ ቤቱ ለቀብር የሚቀርብ ሙስ የአምልኮ አካል ነው ካለ፣ ለመታሰቢያ ማዕድ የምትቀርብ አንዲት ኪንግ ሳልሞንስ? በ12,000 ዓሣ ላይ ይህን ጥያቄ ማንሳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ሽማግሌዎችም ዓሣው እስኪያገግም እንተወው ባይ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ቢሆንም ጥያቄውን ይዞ ጠረጴዛው ጋ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፣ ያም ሰው በቤተ ክርስቲያን ስም ቢቀመጥ ያምርበታል።

ስምምነቱ የሚያበቃው 2030 ነው። በ2020 አምስት ዓመቷ የነበረች ልጅ ያኔ አሥራ አምስት ይሞላታል፣ ውኃ ከማቀበል ተነስታ ቢላዋ የምትጨብጥበት ዕድሜ በሙሉ በዚህ መሀል አለፈ ማለት ነው። በካምፑ የምትለማመድበት ዓሣ፣ ብሪስቶል ቤይ በብዛት የሚገኘው ሶክአይ ከሆነ፣ ከኪንጉ በብዙ ያንሳል፣ ሥጋው ቀጭን ነው፣ አተላተሉም ይለያል። ኪንጉ ሲመለስ ቢላዋው ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት የሚያሳያት ሰው ትፈልጋለች። የሚያሳዩዋት ሴቶች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመታቸው ነው።